የኤንኤፍኤል ተጨማሪ ሰዓት፦ የሳንቲሙ ነገር ተስተካከለ፣ የሰዓቱስ?

ሦስተኛ ዳውን

ሰላም ለሁላችሁ። በ2025 የጸደቀውን የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) የተጨማሪ ሰዓት ደንብ ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

የክለብ ባለቤቶቹ ኤፕሪል 1 ቀን ፍሎሪዳ ፓልም ቢች ላይ ተሰብስበው የመደበኛውን ሲዝን ተጨማሪ ሰዓት ወደ ጥሎ ማለፉ አስጠጉት። ኳሱን መጀመሪያ ያገኘው ቡድን ታችዳውን (ኳሱን በተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ክልል አግብቶ 6 ነጥብ) ቢያስቆጥርም ሌላው ተራውን ሳያገኝ ጨዋታው አያልቅም ተባለ። እስከዚህ ድረስ ገብቶኛል። ሐሳቡን ያመጡት ፊላደልፊያ ኢግልስ ግን 10 ደቂቃው ወደ 15 እንዲመለስም ጠይቀው ነበር፤ ይሄኛው ተቆርጦ ቀረ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ፓከርስና ካውቦይስ 40 ለ 40 ሲለያዩ ክርክሩ እንደገና ተነሳ።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ ኳስ ያገኘው ቡድን ሰዓቱን ቢበላው የሌላው "የተረጋገጠ ተራ" ምን ይሆናል? 15 ደቂቃው ይመለስ የሚሉትስ በትክክል ምን እንዲስተካከል ነው የሚፈልጉት? ኳሱን ማን መጀመሪያ እንደሚይዝ የሚወስነውን የሳንቲም ዕጣ ያሸነፈ አሰልጣኝስ አሁን ኳሱን ይቀበል ወይስ ለሌላው ይምታ? "ደስ ያለውን" የሚል መልስ አልፈልግም፣ ስሌቱን ንገሩኝ።

የደንቡ መጽሐፍ

የመጀመሪያውን ጥያቄ ልውሰድ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነው።

በመደበኛው ሲዝን ተራው የተረጋገጠው 10 ደቂቃው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አለ፣ 10 ደቂቃ፣ ሲያልቅ ጨዋታው አለቀ። ሁለተኛው ቡድን ኳሱን ይዞ እየገፋ ቢሆንም ያው ነው፤ በ3 ነጥብ እየተመራ ሰዓቱ ዜሮ ከገባ ተሸንፏል። ፓከርስ 40 ለ 37 እየተመሩ በመጨረሻዋ ሰከንድ ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ 3 ነጥብ የሚያስገኝ) የመቱት ለዚህ ነው። ለድል ልግፋ ብለው አንድ ውርወራ ቢጨምሩና ባይያዝ አቻ ሳይሆን ሽንፈት ነበር የሚጽፉት።

ጥሎ ማለፉ ግን ሌላ ነው። እዚያ ክፍለ ጊዜው 15 ደቂቃ ሲሆን፣ ካለቀም ሁለተኛው ቡድን ተራውን በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ልክ ከአንደኛው ሩብ ወደ ሁለተኛው ሩብ እንደሚታለፈው። የሱፐር ቦውል 58ን (የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ) መጨረሻ አስታውሱ። ፎርቲናይነርስ ኳሱን ተቀብለው 7 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ከያዙ በኋላ በፊልድ ጎል 22 ለ 19 መሩ። ቺፍስ በ13 ስናፕ (ኳሱ በተነሳ ቁጥር የሚደረግ አንድ ሙከራ) 75 ያርድ ሄደው ታችዳውን ሲያስቆጥሩ 3 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። ተመልካቹ "ሰዓቱ ሊያልቅባቸው ነው" ብሎ ሲጨነቅ ቺፍስ ቅንጣት አልቸኮሉም፤ ሰዓቱ ቢያልቅ ጎን ቀይረው ይቀጥሉ ነበር። ያው ጨዋታ በመደበኛው ሲዝን ደንብ ቢሆን ለቺፍስ የሚቀራቸው 2 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ "ሁለቱ ደንቦች አንድ ሆኑ" የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው።

ሌሎቹን ዝርዝሮች በአጭሩ፦ ዕጣውን የሚጠራው የእንግዳው ቡድን ካፒቴን ነው። ያሸነፈው መቀበል፣ መምታት ወይም የሚከላከልበትን ጎን መምረጥ ይችላል፤ በጨዋታው መጀመሪያ እንደሚደረገው ምርጫውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ግን አይቻልም። በመደበኛው ሲዝን ለእያንዳንዱ ቡድን 2 ታይምአውት (ሰዓቱን የማስቆም መብት) አለው፤ ከአራተኛው ሩብ የተረፈ አይተላለፍም። አሰልጣኝ ቀይ ጨርቅ ጥሎ የዳኛን ውሳኔ መቃወም አይችልም፣ ውሳኔው በድጋሚ ምስል እንዲታይ የሚጠሩት ከላይ ያሉት ዳኞች ናቸው። ሁለቱም ተራቸውን ጨርሰው እኩል ከሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ቀድሞ ያስቆጠረ ያሸንፋል፤ ፊልድ ጎልም በቂ ነው።

ሁለተኛው ቡድን ኳሱን በእጁ ይዞ ማጥቃት ሳይጀምር ጨዋታው የሚያልቅባቸው መንገዶችም አሉ። ኳሱን የተቀበለው ቡድን በመጀመሪያው ተራው በራሱ ኢንድ ዞን (የሜዳው ጫፍ የነጥብ ክልል) ውስጥ ኳሱን እንደያዘ ከተያዘ ሴፍቲ ነው፣ መቺው ቡድን በ2 ነጥብ አሸንፎ ይወጣል። ዲፌንሱ (ተከላካዩ ወገን) ኳሱን ጠልፎ እስከ ታችዳውን ቢሮጥም እንዲሁ አለቀ፤ አንደኛው ተራውን አባከነ፣ ሌላው ደግሞ ተራውን በዚያው ተጠቀመበት።

ባለ ስሌቱ

የዕጣውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተያዙ ግምቶች ናቸው፣ የየቡድኑ ይለያያል። አንድ የኳስ ተራ በነጥብ የማለቅ ዕድሉ ከ100 40 ነው እንበል፤ ከታችዳውን በኋላ በአንድ ስናፕ ኳሱን እንደገና ኢንድ ዞን ለማግባት የሚደረገው ባለ ሁለት ነጥብ ሙከራ የመሳካት ዕድሉ 48፤ በምትኩ የሚመረጠውን ባለ አንድ ነጥብ ምት ደግሞ ለማቅለል ሁሌም ይገባል ብለን እንውሰድ (እውነቱ ከ100 95 ገደማ ነው)።

በቅድሚያ "ቀድሞ ያስቆጠረ ያሸንፋል" የሚባለው ደረጃ ላይ ኳስ መያዝ ስንት እንደሚያወጣ እንይ። ጊዜ ገደብ ከሌለ፣ መጀመሪያ የያዘው በ40 ያሸንፋል፤ ካልሆነለት (60) ሌላው በ40 ያሸንፋል፤ እንዲህ እየዞረ ሲደመር መጀመሪያ ለያዘው 62.5፣ ለሌላው 37.5 ይመጣል። ፎርቲናይነርስ ሱፐር ቦውሉ ላይ ኳሱን ለመቀበል የመረጡት ይህን ይዘው ነው፦ ሁለቱም እኩል ከሆኑ ሦስተኛው ተራ የእኛ ይሆናል። አሰልጣኛቸው ካይል ሻናሃንም ከጨዋታው በኋላ ያለው ይኸንኑ ነው። ሐሳቡ እንደተሳለቁበት ሞኝነት አልነበረም።

ግን ሁለት ነገር ይቃወመዋል። አንደኛው መረጃ ነው። ሁለተኛው ቡድን የሚያስፈልገውን አውቆ ነው የሚገባው። ተጋጣሚው 3 ነጥብ ካለው፣ አራተኛ ዳውን (10 ያርድ ለመግፋት ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች የመጨረሻው) ላይ ኳሱን በፐንት (አርቆ በመምታት) አሳልፎ መስጠት የለም፤ አራቱንም ዳውን ይጠቀማል። ቺፍስ በዚያ ጨዋታ አራተኛ ዳውንና 1 ያርድ ላይ በራሳቸው ሜዳ ሳሉ ኳስ ወርዋሪያቸው ፓትሪክ ማሆምስ ራሱ ሮጦ 8 ያርድ ወሰደ። ያንኑ ኳስ መጀመሪያ የያዘ ቡድን ቢያገኘው አብዛኛው አሰልጣኝ ፐንት ይመታ ነበር። ሦስት ዳውን ያለው ቡድንና አራት ዳውን ያለው ቡድን አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው የሁለት ነጥብ ሙከራው ነው። አንደኛው ታችዳውንና አንድ ነጥብ አስቆጥሮ 7 ቢመራ፣ ሁለተኛውም ታችዳውን ቢያስቆጥር ምን ያድርግ? አንድ ነጥቡን መትቶ አቻ ቢሆን ኳሱ ወደ ተጋጣሚው ይሄዳል፤ የራሱ ዕድል 37.5 ነው። ሁለቱን ቢሞክር 48። ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ መሞከር አለበት። ቺፍስ ተጋጣሚያቸው ታችዳውን ቢያስቆጥር ኖሮ ይህንኑ ለማድረግ እንደተዘጋጁ ተጫዋቾቻቸው ተናግረዋል። ከተሞከረ ደግሞ ያ "ሦስተኛው ተራ" የሚባለው ነገር በዚህ መንገድ ጭራሽ አይመጣም።

"ታዲያ አንደኛው ራሱ ቀድሞ ሁለቱን ለምን አይሞክርም?" የሚል ይኖራል። ሁለተኛው ታችዳውን ካስቆጠረ ብለን ብቻ እናስላው። አንደኛው አንድ ነጥብ መትቶ 7 ላይ ከሆነ የሚሸነፈው ሁለተኛው ሙከራው ሲሳካለት ነው፦ ከ100 48። ሁለቱን ከሞከረ፣ 52 ጊዜ ይስታል፤ ያኔ ሁለተኛው በቀላል ምት ያሸንፋል። 48 ጊዜ ይሳካለታል፤ ያኔ ሁለተኛው የግድ ሁለት ነጥብ አግኝቶ አቻ መሆንና ከዚያም በሦስተኛው ተራ ኳሱን ለአንደኛው ሰጥቶ ማሸነፍ አለበት፦ 0.48 ሲባዛ 0.48 ሲባዛ 0.375፣ ወደ 9 ገደማ። ሲደመር 61 ገደማ ሽንፈት። ስለዚህ አንደኛው ዝም ብሎ አንድ ነጥቡን ይምታ።

በጥሎ ማለፉ እኔ ብሆን መምታትን እመርጣለሁ። ኦፌንስህ ጠንካራ፣ ዲፌንስህ በአራተኛው ሩብ ሜዳ ላይ ብዙ ቆይቶ የተዳከመ ከሆነ ግን መቀበልም ያስኬዳል፤ ዲፌንሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ይሄ በስሌት ውስጥ አይገባም እንጂ ቀላል ነገር አይደለም።

አሮጌው ሄልሜት

ባለ ስሌቱ የጻፈው ለ15 ደቂቃና ሰዓት ለማያልቅበት ጥሎ ማለፍ እንጂ ለመደበኛው ሲዝን አይሠራም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስተኛ ተራ የሚባለው ብዙ ጊዜ ህልም ነው።

600 ሰከንድ ነው ያለህ። ቀጣዩን ስናፕ ለመጀመር የሚሰጠው 40 ሰከንድ ነው፣ ስናፑ ራሱ 5 ወይም 6 ሰከንድ ይፈጃል። ኳሱ ከሜዳ ካልወጣና ውርወራው ከተያዘ አንዱ ስናፕ እስከ 45 ሰከንድ ይበላል፤ በአንድ ተራ 13 ስናፕ የሚሄድ ቡድን 10 ደቂቃውን ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። ሙሉውን መጨረስ ብርቅ ነው። 7 ደቂቃ መብላት ግን በየሳምንቱ የሚታይ ነገር ነው፣ ለዚህ ሩጫው የሠመረለት ቡድን ይበቃል። ስለዚህ በመደበኛው ሲዝን ኳሱን የሚቀበል ቡድን ነጥብ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፣ የሌላውን ሰዓት ይቀንስበታል። በ2025 ደንብ ዕጣውን የተካው ሰዓቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ይሁንና 15 ይመለስ የሚሉት አንድ ነገር ይዘነጋሉ። 15 ደቂቃ ከ1974 ጀምሮ ነበረ፤ በ2017 ወደ 10 ያወረዱት ለተጫዋቾቹ አካል ብለው ነው። እሑድ 70 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ሐሙስ እንደገና ሜዳ የሚገባ ቡድን አለ። አሁን ደግሞ ሁለቱም ተራ እንዲያገኙ ስለተደረገ፣ ዱሮ በ11 ሰከንድ ሊያልቅ የሚችለው ጨዋታ አሁን አያልቅም። (11 ሰከንድ ያልኩት ከእውነት ነው፦ ጃንዋሪ 2012፣ ብሮንኮስ በስቲለርስ ላይ፣ ቲም ቲቦው ለዴማርየስ ቶማስ፣ 80 ያርድ።) በዚህ ላይ 5 ደቂቃ መጨመር ማለት በሲዝን አጋማሽ ለአንድ ተራ ጨዋታ ሌላ 10 ወይም 15 ግጭት መጨመር ነው። አቻ ቢወጣስ? 17 ጨዋታ አለ፣ አቻው ግማሽ ድል ሆኖ ይቆጠራል፣ ሰማይ አይደፋም።

ሳንቲሙን የሚያማርሩትም ትክክል ነበሩ፣ እሱን አልክድም። ከ2010 እስከ 2021 በነበረው የጥሎ ማለፍ ደንብ 12 ጨዋታ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሄዶ ዕጣ ያሸነፉት 10ሩን ወሰዱ፤ ከእነዚህ 7ቱ ሌላው ኳስ ሳይነካ ነው ያለቁት። በመጨረሻ ገመዱን የበጠሱት ቺፍስና ቢልስ ናቸው፦ 42 ለ 36፣ ጃንዋሪ 2022፣ የቢልሱ ኳስ ወርዋሪ ጆሽ አለን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አየ። ከሁለት ወር በኋላ 29 ለ 3 በሆነ ድምፅ የጥሎ ማለፉ ደንብ ተቀየረ። ለመጽደቅ ከ32ቱ 24 ድምፅ ነው የሚፈለገው።

ሦስተኛ ዳውን

በጣም አመሰግናለሁ፣ ብዙ ነገር ጠራልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። ኪክኦፉን (ጨዋታ ለማስጀመር የሚመታውን ኳስ) የሚቀበለው ልጅ ኳሱን አምልጦት መቺዎቹ ቢያነሱት እንደ ተራ ይቆጠራል? ሁለተኛ፣ በ10 ደቂቃው ውስጥ ሁለተኛው ቡድን ሰዓቱ እንዳይበላበት ምን ማድረግ ይችላል? እያየ መቆም ብቻ ነው?

የደንቡ መጽሐፍ

አዎ፣ ይቆጠራል። ደንቡ የሚለው "ኳስ የማግኘት ዕድል" ነው እንጂ "ኳስ ይዞ ማጥቃት" አይደለም። ኪክኦፍ ሲመታለት ዕድሉን አግኝቷል፤ አምልጦት መቺው ቡድን በሕጋዊ መንገድ ካነሳው ዕድሉ አልፏል፣ ያነሳው ቡድን በፊልድ ጎል ብቻ ያሸንፋል። ፐንት ላይም ያው ነው፦ አንደኛው ቡድን ፐንት መትቶ ሁለተኛው ቢያመልጠውና መቺው መልሶ ቢያነሳው፣ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ነጥብ ይጨርሰዋል። አንድ ቀን ጥሎ ማለፍ ላይ ቢደርስ ስንት ሰው እንደሚጮህ ይታየኛል።

ከዚህም የሚያምታታ አለ። ዲፌንሱ ኳስ ይጠልፋል፣ እየሮጠ ሳለ ይጥለዋል፣ አጥቂዎቹ መልሰው ያነሱታል። በዚያች አንዲት ስናፕ ውስጥ ሁለቱም ተራቸውን ጨረሱ። ከዚያ ወዲያ ያነሱት ፊልድ ጎል ቢመቱ አለቀ፤ "እኛ እኮ አንድም ስናፕ አላጠቃንም" የሚል ክርክር ቦታ የለውም። ለዚህ ነው በተጨማሪ ሰዓት ኳስ የጠለፈ ተጫዋች ፊቱ ሰው ካለ መሬት ላይ ቁጭ እንዲል የሚነገረው።

ስለ ሰዓቱ፦ ሁለቱ ታይምአውቶች የአጥቂው ብቻ አይደሉም። ተጋጣሚው ፊልድ ጎል መምቻ ክልል ውስጥ ገብቶ በሩጫ ሰዓት መብላት ሲጀምር፣ አንዱን ታይምአውት እዚያው መጥራት ወደ 40 ሰከንድ ያተርፋል፤ ሁለቱ 80 ሰከንድ ገደማ። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በዚህ ነው፦ አሰልጣኙ "ለኦፌንሴ ላስቀምጠው" ብሎ ይሰስታል። ዲፌንስ ላይ የሚጠራ ታይምአውት 40 ሰከንድ ሙሉ እንደሚያተርፍ እርግጥ ነው፤ ኦፌንስ ላይ ግን ኳሱን ከሜዳ በማውጣት ወይም መሬት ላይ በመምታት ሰዓቱን በሌላ መንገድም ማቆም ይቻላል። 2 ደቂቃ ሲቀር ሰዓቱ በራሱ የሚቆምበት የሁለት ደቂቃው ማስጠንቀቂያም አለ፤ እሱን እንደ ሦስተኛ ታይምአውት መቁጠርና ከ2 ደቂቃው ጥቂት ሰከንድ ቀደም ብሎ ታይምአውት አለማባከን ነው።

ለአጥቂው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ነው። 3 ደቂቃ ቀርቶት ጎሉ አጠገብ ያለ ቡድን ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሦስቱም ባይያዙ፣ ለተጋጣሚው ያለምንም ክፍያ 2 ደቂቃ ሰጠው ማለት ነው።

ነፋስ መራጭ

ስሜ ከ2002 ነው የመጣው። የያኔው የዲትሮይት ላየንስ አሰልጣኝ ማርቲ ሞርንዊግ ዕጣ አሸንፎ ኳሱን ትቶ ነፋሱ የሚያግዘውን ጎን መረጠ፤ ቤርስ ተቀብለው በመጀመሪያው ተራቸው 20 ለ 17 ጨረሱት። ሃያ ምናምን ዓመት ሲሳቅበት ኖረ፣ አሁን ኳሱን ለሌላው መስጠት የብልህ ምርጫ ሆነ። ደንብ ሲቀየር ሞኙም ብልህ ይሆናል።

ክርክራችሁ በ10 እና በ15 መካከል ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ግን አልተዋጠልኝም። ሌሎች መንገዶች ቀርበው ነበር።

በ2021 ባልቲሞር ሬቨንስ ያመጡት "ቦታውን ምረጥ፣ ጎኑን ምረጥ" የሚለው ነው። አንዱ ቡድን ኳሱ ከስንተኛው ያርድ እንደሚጀምር ይናገራል፣ ሌላው ማጥቃት ወይም መከላከል ይመርጣል። ዳቦውን አንዱ ይቆርሳል ሌላው ያነሳል እንደማለት ነው። ከራሱ 13 ያርድ ቢባል ማጥቃት ትፈልጋለህ? 20 ቢሆንስ? ኪክኦፍ የለም፣ የሳንቲሙ ጥቅም ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ሁለቱ ቡድኖች ተራ ማግኘታቸውም አያስጨንቅም፤ ምክንያቱም ዋጋው ቀድሞ ተከፍሏል። በሒሳብ ከሁሉም ንጹሑ ይሄ ነው። የወደቀው ለተመልካች ማስረዳቱ ስለሚከብድ ይመስለኛል።

ታይታንስ በ2022 ያመጡት ደግሞ መጀመሪያ የያዘው ታችዳውን አስቆጥሮ ሁለት ነጥቡንም ካሳካ ጨዋታው ይለቅ የሚል ነበር። ባለ ስሌቱ ያሳየውን ልብ በሉ፤ አሁን ባለው ደንብ አንደኛው ቡድን ሁለት ነጥብ መሞከሩ ያከስረዋል፣ በታይታንስ ደንብ ግን ሙከራው ወዲያው 48 ከ100 ድል ይሆን ነበር። ሁሉም ይሞክረው ነበር። ቆንጆ ትዕይንት ነው፣ ግን የሳንቲሙን ጥቅም መልሶ በኋላ በር ያስገባል።

የኮሌጁን ከተጋጣሚው 25 ያርድ መስመር የሚጀምር ደንብ ወደ ኤንኤፍኤል ይምጣ የሚሉ አሉ። እኔ አልፈልገውም። የኤንኤፍኤል መቺ ከ25 ያርድ መስመር አንድ ያርድ ሳይገፋ 42 ወይም 43 ያርድ ፊልድ ጎል ነው ያለው፤ ከሞላ ጎደል የተሰጠ 3 ነጥብ ነው። ኮሌጆቹ ራሳቸው ኤልኤስዩና ቴክሳስ ኤኤንድኤም በ2018 በሰባት ተጨማሪ ሰዓት 74 ለ 72 ከደረሱ በኋላ እያሳጠሩት መጥተው፣ ከ2021 ወዲህ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ሁለት ነጥብ መሞከር ብቻ ሆኗል። በዚያው ዓመት ኢሊኖይና ፔን ስቴት ዘጠኝ ዙር ሄደው 20 ለ 18 ጨረሱ፤ አብዛኛውን ዙር ሁለቱም መሳት ብቻ ነበር ሥራቸው።

እኔ የምደግፈው ማንም ብዙ ያላነሳውን ነው፦ 10 ደቂቃው ይቆይ፣ ነገር ግን ሰዓቱ ሲያልቅ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያ ተራው ላይ ከሆነ ተራውን ይጨርስ። የደንቡ ቃል አዲስ አይደለም፣ ጥሎ ማለፉ ላይ ያለው ተቀንሶ ይመጣል። አሮጌው ሄልሜት የሚፈራው የግጭት ብዛትም ብዙ አይጨምርም፤ የሚጨመረው ቢበዛ የአንድ ተራ ቅሪት ነው። ጉዳቱ የት ነው? ሰዓት የሌለበት ተራ ለአጥቂው በጣም ይመቻል። ዲፌንሱ "ከመሃል አትውጡ፣ ሰዓቱ ይሠራላችኋል" ማለት አይችልም፣ ታይምአውትም ትርጉም ያጣል። አንደኛው ቡድን 8 ደቂቃ ፈጭቶ ያገኘው ብልጫም ይጠፋል። ይህን ለማመጣጠን ሰዓቱ ካለቀ በኋላ የሚያስቆጥረው ሁለተኛ ቡድን ለአቻ አይጫወት፣ ታችዳውን ካገባ የግድ ሁለቱን ይሞክር ማለት ይቻላል።

አሮጌው ሄልሜት

ነፋስ መራጭ፣ ለአቻ አይጫወት ያልከው ላይ ፊልድ ጎሉንስ ምን ታደርገዋለህ? 3 ነጥብ እየተመራ ሰዓት ያለቀበት ቡድን ፊልድ ጎል መትቶ አቻ ቢወጣ ልትከለክለው ነው? ከከለከልከው አዲስ ጨዋታ ፈጠርክ፣ ካልከለከልከው አቻዎቹ እንዳሉ ናቸው። የተቀረውን ግን እቀበላለሁ፣ ከ15 ደቂቃው ይሻላል።

ነፋስ መራጭ

አልከለክለውም። አቻ ይውጣ። የእኔ ጠላት አቻው አይደለም፣ በሰዓት የተነጠቀው ተራ ነው።

ባለ ስሌቱ

አሮጌው ሄልሜት ስለ 10 ደቂቃው ያረመኝ ልክ ነው። እዚያ ላይ ሒሳቡ እንዴት እንደሚለወጥ ልጨምርና ልተው።

ሁለተኛው ቡድን 7 እየተመራ ታችዳውን አስቆጠረ፣ 40 ሰከንድ ቀርቷል እንበል። አንድ ነጥቡን ቢመታ ተጋጣሚው በ40 ሰከንድ ብዙ አይሠራም፤ ኪክኦፉ በቀጥታ ኢንድ ዞን ገብቶ ካልተመለሰ በ2025 ደንብ ከ35 ያርድ ነው የሚጀምረው፣ ፊልድ ጎል ለመምታት እንኳ 25 ወይም 30 ያርድ ይቀረዋል። ያንን ዕድል 15 ከ100 ብንለው፣ ቀሪው 85 አቻ ነው። አቻ ግማሽ ድል ስለሆነ ዋጋው 42.5 ይሆናል። ሁለቱን ቢሞክር 48። አሁንም መሞከሩ ይበልጣል፣ ልዩነቱ ግን ከጥሎ ማለፉ 10.5 ወደ 5.5 ወርዷል። 5 ሰከንድ ብቻ ከቀረ ደግሞ አቻው 50 ገደማ ያወጣል፣ መምታቱ በጥቂት ይበልጣል። ያኔ የሚወስነው የደረጃ ሰንጠረዡ ነው።

የደረጃ ሰንጠረዡን ቀላል አታድርጉት። 9 ድል፣ 7 ሽንፈትና 1 አቻ ማለት 9.5 ለ17 ሲካፈል .559 ነው፤ 9 ለ 8 ከሆነው (.529) ይበልጣል፣ 10 ለ 7 ከሆነው (.588) ያንሳል። አቻ ያለው ቡድን ከሌሎቹ ጋር በእኩል ድል መቆሙ ስለሚቀር፣ እርስ በርስ የተገናኙበት ውጤት፣ የምድብ ውጤት የሚባሉት ማለያያዎች ብዙ ጊዜ አይደርሱትም። ተሸንፈሃቸው ከሆነ ይጠቅምሃል፣ አሸንፈሃቸው ከሆነ ያንን ብልጫ ያሳጣሃል። በሲዝኑ የመጨረሻ ሳምንታት ይህን የሚያሰላ ሰው ከአሰልጣኙ ጎን ወይም በጆሮው መኖር አለበት።

ጃንዋሪ 2022 ላይ ሬይደርስና ቻርጀርስ የደረሱበት ይህ ነው። አቻ ቢወጡ ሁለቱም ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፉ ነበር፣ ስቲለርስ ይቀሩ ነበር። ሁለቱም በተጨማሪ ሰዓቱ በየተራ ፊልድ ጎል አስቆጥረው 32 እኩል ነበሩ። ሬይደርስ ሰዓቱን እያስሮጡ ኳሱን ሲሸከሙ የቻርጀርስ አሰልጣኝ 38 ሰከንድ ሲቀር ታይምአውት ጠራ፤ በሚቀጥለው ሩጫ ሬይደርስ 10 ያርድ ገፉ፣ ዳንኤል ካርልሰንም ሰዓቱ ሲያልቅ ከ47 ያርድ መትቶ 35 ለ 32 አደረገው። ቻርጀርስ ወደ ቤታቸው ሄዱ።